ቀድሞ የተሰደደው

አንዲት አፏ የማይመለስ ባልቴት ነበረች አሉ። አንድ ቀን የወረዳው ሹም ሕዝቡን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ፣ ለራሱ ጃንጥላ አስይዞ፣ ስለ ዘላቂ ልማት ሲደሰኩር አረፈደና ጣቱን ቀሰረባት።

«አንቺ ሴትዮ! ልጅሽ እርሻውን ጥሎ ተሰዷል። አሁኑኑ ደውለሽ ካልመለስሽው መሬቱን ለሌላ እንሰጣለን!» ብሎ ስልኩን አቀበላት።

ከዚያች ማሳ ሌላ መጦሪያ የላትም። ግን አልተርበተበተችም፤ ስልኩን መልሳ ዘረጋችለት።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይደውሉ» አለችው። «ደኑን ለከሰል ካስመነጠሩት ወዲህ ከልጄ ቀድሞ የተሰደደው የምንጩ ውሃ ነው። የእሱን ቁጥር እኔ አላውቀውም፤ የሸኙት እርስዎ ነዎት። እሱን ብቻ ይመልሱልን፤ ልጄማ ጠሪ ሳያሻው ተከትሎት ይመጣል።»