ዝም ያለው ጠባቂ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የገደል አፋፍ» በሉኝ።

አያ ዝንጀሮ የመንጋው ጠባቂ ነበር። ሌሎቹ ከታች ሣር ሲነጩ እሱ አፋፉ ላይ ይቀመጣል፤ ነብር ካየ ይጮሃል፣ ዝም ካለ ሁሉም ያለ ስጋት ይበላል። በስተርጅና ግን ሁለቱም ዓይኖቹ እየነጡ፣ ነገሩ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስለው ጀመር። ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ሽኮኮ፣ «አያ ዝንጀሮ፣ ዛሬ ጠዋት እኔ መስዬህ ድንጋዩን እንዴት አደርሽ አልከው» አለችው። «ዓይንህን ሞራ ጋርዶታል። ወንዙ ዳር ያለችው ሳቢሳ በቀጭን መንቁሯ ታነሣልሃለች። ሳይብስብህ ሂድ።»

«ከሄድኩማ ዓይኑ ጠፋ ብለው ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል» አላት። «ነብርን እንደሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ፤ ቢመጣ አይጠፋኝም።»

ሽኮኮ ያኑ ቀን ልጆቿን ይዛ ከአፋፉ ለቃ ሄደች።

በማግስቱ አያ ዝንጀሮ ቁልቁል ሲያይ፣ ግልገሎቹ ከሚጫወቱበት አጠገብ አንድ ቢጫ ድንጋይ ታየው። ትናንት እዚያ መኖሩን ማስታወስ አቃተው። ዝም አለ። መንጋውም ዝምታውን አምኖ መብላቱን ቀጠለ።

ድንጋዩ ተነሣ።