ቤቷ የጠበባት ሽኮኮ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ብትሆኑ ጆሮ አላችሁ። ይህ የሆነው በድሮ ጊዜ ነው፤ እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ባልቀረለት አገር።

በዚያ አገር አንድ ረጅም ገደል ነበር። በገደሉ ወገብ ላይ፣ በሁለት ቋጥኞች መካከል ባለች ስንጥቅ ውስጥ፣ አንዲት ሽኮኮ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ስንጥቋ ጠባብ ናት። ነብር መዳፉን ቢሰድ አይደርስ፣ ንስር ክንፉን ቢያጥፍ አይገባ። ባልየው ይህ ከሆነልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብሎ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። እመት ሽኮኮ ግን እግሯም አያርፍ፣ ልቧም አያርፍ። ጠዋት «ፀሐዩ ዘገየ» ትላለች። ቀትር ላይ «ድንጋዩ ጋለ» ትላለች። ማታ ደግሞ «ይኼ ነፋስ ሊፈጀን ነው» ትላለች። ልጆቿን በማጅራታቸው አንጠልጥላ ከአንዱ ስንጥቅ ወደ ሌላው ስለምትዞር፣ ጎረቤቶቿ ጠዋት ሲገናኙ ሰላምታቸው «እመት ሽኮኮ ዛሬ የት አደረች?» ሆኖ ነበር።

«ምን ጎደለሽ እቴ?» ይላታል ባሏ።

«እኔ እንጃ» ትለዋለች። «እዚህ ስሆን፣ ሌላ ቦታ መሆን የነበረብኝ ይመስለኛል።»

እውነቷን ነው። የጎደላትን አታውቀውም። ብቻ ማዶ ያለውን ሜዳ ባየች ቁጥር፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር «ተነሺ፣ ተነሺ» ይላታል።

ከገደሉ ሥር ደግሞ አንድ ቀበሮ ይመላለስ ነበር። የሽኮኮ ሽታ ከላይ እየወረደ ምራቁን ሲያስውጠው ከርሟል። አንድ ቀን ወደ ስንጥቋ ለመግባት ሞክሮ ግንባሩን ተልጦ ወርዷል። ጉልበት እንደማያዋጣው ሲያውቅ፣ ጆሮውን ቀስሮ ማዳመጥ ያዘ። ሲያዳምጥ የእመት ሽኮኮን ምሬት ሰማ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ሽኮኮ» አላት ከታች ሆኖ።

«ደኅና፣ እግዜር ይመስገን። አንተ ግን እዚያው ሁን።»

«እዚሁ ነኝ። እኔን ምን አገባኝ፤ ለልጆችሽ ብዬ ነው እንጂ። ቤትሽ አልጠበበሽም?»

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ባሏ ምን ጎደለሽ ነው የሚላት፤ ጎረቤቶቿም ይስቁባታል።

«ጠቦኛል» አለች ሳታስበው።

«ወንዙ ዳር አንድ ሾላ አለ። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው። ፍሬው ደጃፍሽ ላይ ይወድቅልሻል። ካላመንሽኝ፣ ሂጂና በዓይንሽ እዪ። እኔ ያ ጉብታ ላይ ተቀምጬ ታዪኛለሽ።»

ሄደች፣ አየች። ሾላው እንደተባለው ነው፤ እንዲያውም ቀበሮው አሳንሶ ነው የነገራት። ቀበሮውም እንዳለው ጭራውን ጠቅልሎ ጉብታው ላይ ተቀምጧል። እየሮጠች ተመለሰችና ባሏን «ተነሣ» አለችው።

«ይኼ እኮ ቀበሮ ያመለከተሽ ቤት ነው» አለ ባሏ።

«አመለከተኝ እንጂ እሱ አልሠራው።»

ባልየው እያጉረመረመ ተነሣ። ልጆቹን አንጠልጥለው ከገደሉ ወረዱ።

የሾላው ኑሮ መጀመሪያ ላይ ሰርግ ነበር። ልጆቹ ፍሬ በልተው ሆዳቸው ተነፋ። ባልየው ራሱ «እሺ፣ አልከፋም» አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን እመት ሽኮኮ ጀመራት። ጠዋት «ወፎቹ አያስተኙም» አለች። ቀትር ላይ «ጥላው ፀሐይ ከለከለን» አለች። ማታ «የእንቁራሪቱ ጩኸት ራሴን በጠበጠው» አለች። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እንደገና ሜዳውን ታይ ጀመር።

ቀበሮው ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት ሽኮኮ። እኔን ምን አገባኝ፤ ለልጆችሽ ብዬ ነው እንጂ። ዛፉ አልረጠበባችሁም?»

«ረጥቦብናል» አለች። አሁን «እዚያው ሁን» ማለቱንም ትታዋለች።

«ከሜዳው ጫፍ አንድ ጉድጓድ አለ። ወለሉ ደረቅ፣ ስፋቱ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ፣ ሣሩ ከደጅ የሚታጨድ።»

«የማን ነው?»

«ባለቤቱ አገር ለቆ ሄዷል።»

ውሸቱን ነው። ጉድጓዱ የራሱ የቀበሮው ቤት ነበር። የፊት በር አለው፤ በቁጥቋጦ ሥር የተደበቀ የኋላ በርም አለው። ይህን የኋላውን ቀበሮው በለስላሳ አፈር ደፍኖታል።

ባልየው ነገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «እቴ፣ ከገደል ወረድን። አሁን ደግሞ ከዛፍ ልንወርድ ነው። ከዚህ በታች የቀረው መቃብር ነው።»

እሷ ግን ትንሹን ልጅ አንሥታ ቀደመች። ባልየውም ልጆቹን ጥሎ አይቀር፣ ተከተላት።

ጉድጓዱ በእርግጥ ሰፊ ነበር። ልጆቹ ሲሯሯጡ ዋሉና ደክሟቸው በቀትር ተኙ። ባልየውም አጠገባቸው አንቀላፋ። እመት ሽኮኮ ግን መተኛት አልሆነላትም። እዚህ ጋ ጋደም አለች፣ ተነሣች። እዚያ ጋ ጋደም አለች፣ ተነሣች። «መኝታችን ከወዲያ ጥግ ቢሆን ሳይሻል አይቀርም» አለችና ጥጉን በጥፍሯ ትቧጭር ጀመር። አፈሩ ተናደ። በተናደው በኩል ቀጭን ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑም ጋር ሽታ። የቁጥቋጦው ሥር ላይ የቀበሮው ቀይ ጠጉር ተጣብቋል።

እመት ሽኮኮ ዞር ብላ ተደርድረው የተኙትን ልጆቿን አየች። ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ገባት። ቀበሮው ከገደሉ በቀጥታ ወደዚህ ቢጠራት ኖሮ እንደማትመጣ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ደኅና ቤት አሳያት፤ ቃሉን አመነችለት፤ ከዚያ በገዛ እግሯ፣ በገዛ አፏ ልጆቿን ተሸክማ ወደ ጉሮሮው መጣች።

ባሏን ቀሰቀሰችው። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ብድግ አለ። የተናደውን አፈር መልሰው ደፈኑ። ልጆቹን አንሥተው በፊት በር ወጡና በሣሩ ውስጥ እየተሽሎከሎኩ ወደ ገደሉ አቀኑ።

መንገድ ላይ አንድ ጃርት እሾሁን እያንኮሻኮሸ ሲያዘግም አገኙት። ገበሬዎች ድንቻችንን ጨረስክ ብለው ከጉድጓዱ በጭስ አስወጥተውታል።

«ቤት ፍለጋ እግሬ ቀጠነ» አላቸው። «የምታውቁት ባዶ ቤት የለም?»

«እኔን ምን...» የሚለው የቀበሮው ቃል እመት ሽኮኮ ምላስ ላይ መጣ። አፈረችና ዋጠችው።

«አያ ጃርት፣ ቤት አለ። ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው። ግን አልዋሽህም፤ የኋላ በር አለው፤ በዚያ በር ያልተጠራ እንግዳ ይገባል።»

«ምን ዓይነት እንግዳ?»

«ቀበሮ።»

ጃርቱ እሾሁን አንኮሻኮሸ። «እኔ እንደሆንኩ የምተኛው ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው» አለ።

«እንግዲያው ቤቱ ያንተ ነው።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቀበሮው በቁጥቋጦው ሥር መጣ። አፈሩን በእግሩ አነሣና ጆሮውን ጣለ። ከውስጥ የእንቅልፍ ትንፋሽ ሰማ። አንድ ክረምት ሙሉ የጠበቃት ጉርሻ ናት፤ አፉን የሚችለውን ያህል ከፍቶ ዘሎ ገባ።

ጩኸቱ ገደሉ ድረስ ተሰማ። ሲወጣ ምላሱም፣ ድዱም፣ አፍንጫውም እሾህ ብቻ ነበር። አፉን መክደን አቅቶት፣ ያገኘው ሁሉ «ምን ሆንክ?» ሲለው መናገር አቅቶት፣ እያለቃቀሰ ሜዳውን አቋርጦ ጠፋ። አገር ለቆ ሄዷል የተባለው ባለቤት፣ አሁን እውነትም አገር ለቀቀ።

ሽኮኮዎቹ ገደላቸው ሲደርሱ የቀድሞ ስንጥቃቸውን አንዲት አራስ ዘመዳቸው ይዛዋለች። አራስ ከቤት አይወጣ፤ ከፍ ብለው ሌላ ፈለጉ። ያገኙት ይበልጥ የጠበበ፣ ይበልጥም ነፋስ የሚያፏጭበት ነበር። ባልየው የሚመጣውን እየፈራ «ይኼስ እንዴት ነው እቴ?» አላት።

«ለጊዜው ልጆቹ ይግቡ» አለች።

ልቧ አረፈ ወይ ብትሉኝ፣ አላረፈም። ልብ እንዲያ በቀላሉ አያርፍም። ማታ ማታ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሜዳውን ታያለች፤ ያም ነገር «ተነሺ» ይላታል። አንዳንዴም ትነሣለች፤ ቦታ ትቀይራለች፤ ባሏም እያጉረመረመ ይከተላታል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንዱ መጥቶ የሩቅ አገር ቢያወድስላት፣ ሣሩን ትታ መጀመሪያ «አንተስ የት ታድራለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ቤቱን ካሳያት ታዳምጠዋለች። ዓይኑን ከሰበረ ልጆቿን ጠርታ ትገባለች።

ይህን ያዩ የዚያ አገር ሰዎች ለልጆቻቸው እንዲህ እያሉ አወረሱ፦

ለቤትሽ ጥበት ያዘነ፣ አፉ የሰፋ ሆነ።