ብልጭ ያለው ባትሪ

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን ቀስ እያልኩ ነው። የተረቴ ሰውዬ ደክሞታል፤ እሱን ሳይ እኔንም ደከመኝ።

አያ ደምለው የሚባል ፈረሰኛ ነበር። እሱና ሚስቱ ስመኝ ጉግስ ባለበት ሁሉ ይሄዳሉ። መኪናቸው ተሳቢ ቤት ትጎትታለች፤ ከፊት በኩል የአንድ ሰው አልጋ፣ ከኋላ የባዝራቸው ጋጣ። መብራት በሌለበት ሜዳ ስለሚሰነብቱ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ከአልጋው ሥር ባትሪ አለ። ለነገው ጉግስ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ ረፋዱ ላይ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አቆመ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ።

ጋደም ከማለቱ ባዝራዋ ግድግዳውን በእግሯ ዷ! አደረገችው።

"እባክሽ ዝም በይና ልተኛ።"

"ጠምቶኛል። ሳልጠጣ ዝም አልልም።"

አያ ደምለው ደነገጠ። ባዝራ ሳትጠጣ ከዋለች ቁርጠት ይይዛታል፤ ቁርጠት ከያዛት ጉግሱ ቀርቶ ነፍሷም ያሰጋል። ወንዙ ሩቅ ነው፤ የያዙት ውኃ ደግሞ ከወለሉ ሥር በርሜል ውስጥ ነው፤ የሚያወጣው ፓምፕ ብቻ ነው። ተነሣ።

"ፓምፕ ሆይ፣ ውኃ ግፋ። ባዝራዋ ሳትጠጣ ዝም አትልም፣ ዝም ካላለች እኔ አልተኛም።"

"ባትሪው ካላዞረኝ አልገፋም።"

አልጋውን አንሥቶ ጎንበስ አለ። "ባትሪ ሆይ፣ ፓምፑን አዙር። ፓምፑ ውኃ አይገፋም፣ ባዝራዋ ሳትጠጣ ዝም አትልም፣ ዝም ካላለች እኔ አልተኛም።"

"ምን አለኝና! አልቄያለሁ" አለ ባትሪው።

እውነቱን ነው። ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ሁለት ባትሪ አቅርቦ፣ "ይኸኛው ለሞተር ማስነሻ ነው፤ ያለውን ባንዴ ይሰጥና ያበቃል። ያኛው ቀስ እያለ ሲሰጥ ይውላል፤ ለቤት እሱ ነው" ብሎት ነበር። አያ ደምለው ግን ባትሪም የሚመርጠው እንደ ፈረስ ነው። ማስነሻውን ሽቦ አስነካው፤ ብልጭ፣ ጠሽ! "ይኼ ወኔ አለው!" አለና ተሸክሞት ወጣ። ያኛውን የጭነት በቅሎ ብሎ ንቆት ዞር ብሎም አላየው።

"ለጉግስ መርጠህ ጭነት ጫንህብኝ" አለ ባትሪው። "የጋጣው ማራገቢያ ሌሊቱን ሲጠጣኝ አደረ። ሶላሩ ካላበላኝ አላዞርም።"

አያ ደምለው እያቃሰተ ጣሪያው ላይ ወጣ። "ሶላር ሆይ፣ ባትሪውን አብላ። ባትሪው ፓምፑን አያዞርም፣ ፓምፑ ውኃ አይገፋም፣ ባዝራዋ ዝም አትልም፣ እኔም አልተኛም።"

"ጥላ ውስጥ አቁመኸኝ ከየት አምጥቼ?"

ወደ ዋርካው አንጋጠጠ። "ዋርካ ሆይ፣ ጥላህን አንሣ። ሶላሩ ባትሪውን አያበላም፣ ባትሪው ፓምፑን አያዞርም፣ ፓምፑ ውኃ አይገፋም፣ ባዝራዋ ዝም አትልም፣ እኔም አልተኛም።"

"እኔ ሥር ነው ያለኝ፤ ጎማ ያለው ይሂድ" አለ ዋርካው። ባለሥር ምን ይባላል?

ወርዶ መኪናዋ ላይ ተደገፈ። ድምፁ ሰለለ። "መኪና ሆይ፣ ተሳቢውን ወደ ፀሐይ ጎትቺ። ዋርካው ጥላውን አያነሣም፣ ሶላሩ ባትሪውን አያበላም፣ ባትሪው ፓምፑን አያዞርም፣ ፓምፑ ውኃ አይገፋም፣ ባዝራዋ ዝም አትልም፣ እኔም... እኔም አልተኛም።"

"ሾፌር ከሌለ ንቅንቅ አልልም።"

"ሾፌርሽ ማን ነው?"

"አንተ ነህ እንጂ ማን ይሆናል!"

"እኔማ ሳልተኛ አልነዳም፤ ገደል ነው የምገባው!" አለ። ዞሮ ዞሮ ራሱ ጋ ደርሷል። መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ እንባው መጣ። ባዝራዋ አሁንም ዷ!

ስመኝ የተሳቢው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የኮርቻ ጠፍር ትሰፋ ነበር። "ጨረስህ?" አለችው።

"ጨረስኩ። የሚቀር የለም።"

"ዋርካውን እንኳ ጠየቅኸው። እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።"

"አንቺን ምን ብዬ?"

"ገበያ ስሄድ ይችን መኪና የሚነዳት ዋርካው ነው?" መርፌዋን ጠፍሩ ላይ ሰካች። "ሌሊቱን እንዳታንቀላፋ ሳዋራህ ያደርኩትስ እኔ አይደለሁም? አጠገብህ ነበርኩ እኮ፣ አያ ደምለው።"

አያ ደምለው አፈረ። አንገቱን እንደደፋ፣ "እባክሽ ስመኝ፣ ንጂልን" አላት።

ስመኝ ነዳች፣ መኪናዋ ጎተተች፣ ዋርካው ከነጥላው ቀረ፣ ሶላሩ ፀሐይ አገኘ፣ ባትሪው በላ፣ ፓምፑ ዞረ፣ ውኃው ተንዶቀዶቀ፣ ባዝራዋ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ጠጣችና ዝም አለች።

አያ ደምለው ወደ አልጋው ሄደ። አየው፤ የአንድ ሰው ነው። ተመልሶ የመኪናዋን በር ከፈተ። ስመኝ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታለች።

"ስመኝ፣ አንቺስ አልደከመሽም?"

"ደክሞኛል" አለች፤ ቀና አላለችም።

እጇን ይዞ አልጋው ላይ አስተኛት፤ ጋቢውን አለበሳት። እሱ ጋጣው ውስጥ፣ ባዝራዋ እግር ሥር፣ ጭዱ ላይ ጋደም አለ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ግን በሹክሹክታ ይሁን፣ ሰዎቹ ገና መተኛታቸው ነው።