ጆሮውን የደፈነው ሐኪም

አንድ ሰው ነበረ። አገሩ እንግሊዝ፣ ዘመኑ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችበት፣ ሥራው ቀዶ ሐኪም።

ሥራውን ሲጀምር ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። እግሩ የሚቆረጥ ሰው ነቅቶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ ነበር የሚቆረጠው። ጉልበተኞች ጠፍንገው ይይዙታል፤ ሐኪሙ ይቆርጣል። ለእንዲህ ያለ በሽተኛ ርኅራኄ ምንድን ነው? ፍጥነት ነው። ቶሎ የቆረጠ ራራለት ማለት ነው።

ይህ ሰው በወጣትነቱ የአንድ ጋሪ ነጂ እግር ሲቆርጥ፣ ጋሪ ነጂው የሚስቱን ስም እየጠራ ጮኸ። የሐኪሙ እጅ ተንቀጠቀጠ። ዘገየ። ሰውየው ደሙ ፈስሶ ሞተ።

መምህሩ ጠርተው፣ "የገደለው እጅህ አይደለም፤ ጆሮህ ነው" አሉት። "ከእንግዲህ ደፍነኸው ግባ።"

ደፈነው። በጥጥ አይደለም፤ በልቡ ነው የደፈነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢጮህ አይሰማም። እጁ እንደ መብረቅ ሆነ። ስሙ ተጠራ፤ ከሩቅ ከተማ በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣለት ጀመር። ብዙ ነፍስ አዳነ። ልብ በሉ ወገኖቼ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ጆሮውን የደፈነው ለመልካም ነው።

ነገር ግን የተደፈነ ጆሮ ቤት ሲደርስ በራሱ ይከፈታልን?

ልድያ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ሞታለች። ራት ላይ ልድያ ውሎዋን ታወራለታለች። እርሱ አፏ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ቃሉን አይሰማም።

"አባባ፣ ምን አልኩህ?"

"ጥሩ ነው" ይላታል።

"ድመቷ ሞተች ነው እኮ ያልኩህ።"

ሌላ ቀንም ሞከረች። በኋላ ተወችው። ስታድግ "አንተ" ማለቷን ትታ "እርስዎ" አለችው። እርሱ አክብሮት መሰለው።

ዓመታት አለፉ። ማደንዘዣ ተገኘ። ጡቷ ላይ ዕጢ የወጣባት ሴት የማደንዘዣውን ሽታ ስባ ጠረጴዛው ላይ ተኛች። በሽተኛ ጠፍንገው ከሚይዙት አንዱ፣ ጆብ የሚባል ግዙፍ ሰው፣ እጁን አጣጥፎ፣ "እሷስ ተኝታለች፤ እኛ ማንን እንያዝ?" አለ። ሰዉ ሳቀ።

ሐኪሙ ቢላዋውን አነሣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጆሮ የሚደፈንለት ጩኸት የለም። ዝናቡ መስኮቱን ሲመታ ሰማ። የሴትዮዋን ትንፋሽ ሰማ። ያን ጊዜ የልጁ ድምፅ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አቃተው። እጁ ቆመ።

"ጌታዬ፣ እርስዎን ልያዝዎት እንዴ?" አለ ጆብ ቀስ ብሎ።

ሥራውን ጨረሰ፤ ሴትዮዋም ዳነች። በዚያው ምሽት ቤቱ ገብቶ ልድያን፣ "እስቲ አውሪልኝ" አላት።

"ምን ላውራልዎ?"

"የፈለግሽውን።"

"ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብዎ" አለችው።

ልድያ የምታወራው ከወጥ ሠሪዋ ጋር ነበር። አንድ ቀን ከማድ ቤት ሳቋን ሰማና ወርዶ ከበሩ ኋላ ቆመ። አንዲት ዝይ ቄሱን በገበያ መካከል እንዴት እንዳባረረችው እየተናገረች ነው። ድምፅዋ የእናቷን ይመስላል። ይህን እንኳ አያውቅም ነበር። በሩን ከፈተው። ሳቁ ቆመ።

"የሚፈልጉት አለ?"

"የለም። ቀጥዪ።"

"አልቋል።"

ከዚያ ወዲያ በሩን አልከፈተም። ማታ ማታ ከኋላው ይቆማል። ያ ስመ ጥር ሐኪም በገዛ ቤቱ ደጅ ጠኚ ሆነ። ሸመገለ፤ እጁ ደከመ፤ ሥራውን ተወ። መቆሙን ግን አልተወም።

አንድ ምሽት ልድያ ድንገት ስትወጣ አገኘችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚቆሙት?"

"ቆይቷል።"

"በዚህ ብርድ? ለምን?"

"ስታወሪ ልስማ ብዬ ነው።"

ልድያ ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ አወራችለት ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ ልጠይቃችሁ። እናንተስ ጆሯችሁን የት ደፈናችሁት? ዳኛው በችሎት፣ ነርሷ በሕሙማን መካከል፣ ሹፌሩ በመናኸሪያ ጫጫታ። ባትደፍኑት ሥራው አይሠራም ነበር፤ አውቃለሁ። ቤት ስትገቡስ ማን ይከፍትላችኋል?

እግዚአብሔር የሁላችንን ጩኸት ይሰማል፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። እኛ ሁለቱን አንችልም ብለን አንዱን ጣልን።

ዛሬ ማታ ሚስታችሁ ወይም ልጃችሁ የማይረባ ነገር ማውራት ትጀምራለች። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጠፋ እስክሪብቶ። ስሟት። ማንም ሰው የማይረባውን ላልሰማው ሰው የሚረባውን አይነግርም።