የሊቀመንበሩ ሜዳዮች

የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ባንተይርጋ አሮጌ ሜዳይ ከቆራሌው እየገዙ ይሰበስባሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ሁሉንም ደረታቸው ላይ ደርድረው እየተንቃጨሉ ይወጣሉ፤ የሰፈር ውሻ እንኳ ከሩቅ ይለያቸዋል።

አንድ ቀን ለስብሰባ ሲገቡ ሁላችንም ተነሣን፤ ወተት ሻጯ ጎረቤታችን ብቻ ቁጭ እንዳለች ቀረች።

«ተነሽ! ለእያንዳንዱ ሜዳይ እጅ ካልነሳሽ ዛሬውኑ ከእድር ትሰረዣለሽ!» ብለው ጮኹባት።

ታዲያ ከእድር ከተሰረዘች ማን ይቀብራታል? ምስኪን ተነሥታ ከደረታቸው ሥር በየሜዳዩ ጎንበስ ጎንበስ ማለት ጀመረች። ትልቁ ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች።

«ጋሼ፣ ይኼን እኮ ለቆራሌው የሸጥኩት እኔ ነኝ። ላሜ በእርሻ ኤግዚቢሽን በወተት አንደኛ ወጥታ የተሸለመችው ነው። እሷ በቀን አሥራ ስምንት ሊትር ታልባ ነው ያገኘችው፤ እርስዎ ስንት ታለቡ?»