የዳማን ልጓም ማን ያዘ?

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላሟ ትረፍ። «የፈረስ በረት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ወይዘሮ ትጓደድ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት ባዝራ ፈረስ ብቻ ናት። ባዝራዋን ዳማ ትላታለች። ዳማ በተወለደች በሦስተኛው ቀን እናቷ ሞተችባት። ትጓደድ ከጎረቤት የለመነችውን የላም ወተት በጣቷ እያስጠባች አሳደገቻት። ዳማ ስትታመም አብራ ታመመች፤ ዳማ ስትድን አብራ ዳነች። ዳማም አድጋ ስትጋልብ ነፋስ «ቆይኝ» የሚላት ሆነች።

ከወንዙ ማዶ ቀኛዝማች አንዳርጌ የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። አሥራ ሁለት ፈረስ አላቸው፤ ዓይናቸው ግን አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ነው። ሰው ሲጠግብ እንዲህ ነው፣ ልጆች።

«ዳማን ስጪኝና በሬ ልስጥሽ» አሏት።

«እምቢ፣ ጌታዬ።»

«ሁለት በሬ ልስጥሽ።»

«እምቢ፣ ጌታዬ።»

«ሁለት በሬ ከነቀንበሩ፣ የሚያርስ ሰው ጨምሬ።»

«እምቢ፣ ጌታዬ። ልጅ በበሬ አይለወጥም።»

ቀኛዝማች ተቆጡ። «እንግዲያው በመስቀል ማግስት ከእኔ ፈረስ ከቦራ ጋር ትሩጥ!» አሉ። በዚያ አገር ደንብ «ፈረስሽ ትሩጥ» የተባለ ሰው እምቢ ካለ እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል። የተሸነፈ ፈረስ ደግሞ ለአሸናፊው ይሰጣል። ትጓደድ መውጫ አጣች።

ሌላም ደንብ ነበር። ፈረሶቹ መነሻው ላይ ሲቆሙ ባለቤቱ የራሱን ፈረስ ልጓም በራሱ ሰው አያስይዝም፤ ቀድሞ ይለቃል ተብሎ ይጠረጠራላ! የአንዱን ልጓም የሌላው ሰው ይይዝና ነጋሪት ሲመታ ይለቃል። የቦራን ልጓም የትጓደድ አጎት ያዙ። የዳማን ልጓም የቀኛዝማች አሽከር ድፋባቸው ያዘ። ድፋባቸው ክንዱ የዝግባ ግንድ የሚያህል ጎበዝ ነው። በዳማ ላይ የትጓደድ ወንድም ውቤ ተቀመጠ።

ነጋሪቱ ተመታ። ቦራ ወጣ። ዳማ ግን ቆመች! አንገቷን ወረወረች፣ በኋላ እግሯ ተነሣች፣ አሁንም ቆመች። በመጨረሻ ስትለቀቅ ቦራ ሜዳው መሐል ካለው ዋርካ ደርሷል። ቢሆንም ሮጠች። ሮጠች፣ ሮጠች፣ ደረሰችበት፤ መድረሻው ላይ በአንድ አንገት ተቀደመች።

«ዳማ የእኔ ናት!» አሉ ቀኛዝማች።

ትጓደድ ነጠላዋን አገልድማ ከዳኛው ከአባ ምናሴ ፊት ቆመች። «አባቴ፣ ፈረሴ አልተቀደመችም። ተይዛ ነው የቀረችው። ፍርድ ይስጡኝ!»

አባ ምናሴ መነሻው አጠገብ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ጠሩ።

ነጋሪት መቺው ቀረበ። «እኔ የማየው ነጋሪቴን ነው፤ ፈረስ አላየሁም» አለ።

የመነሻው ጠባቂ ቀረበ። «ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ፤ አላየሁም» አለ።

የትጓደድ ጎረቤት ቀረበ። «አቧራ ሸፈነኝ፤ አላየሁም» አለ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብበት ባደረ ሜዳ የምን አቧራ ነው?» አሉ አባ ምናሴ።

«እኔን ሸፍኖኛል» አለ ጎረቤቷ መሬት መሬት እያየ። ሦስቱም የሚያርሱት የቀኛዝማችን መሬት ነበር። እነሱም ልጆች አሏቸው፤ ምን ያድርጉ!

አባ ምናሴ አዘኑ። «ልጄ፣ የምትይው እውነት ይመስለኛል። ግን ዳኛ በመሰለው አይፈርድም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምስክር አምጪ። ካጣሽ ባዝራዋ ትሄዳለች።»

ትጓደድ ወደ ዳማ ሄደች። የባዝራዋ አፍ በአንድ ወገን በልጓሙ ተሰንጥቆ ይደማል። አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። አልቅሳ ብቻ አልቀረችም፤ አሰበች። ከቀኛዝማች ዳስ የድል ግብዣው ጫጫታ ይሰማ ነበር።

ተመልሳ መጣችና «አባቴ፣ ከእኔ ጋር ወደ ዳሱ ይምጡ» አለች።

«ዳኛ ከተከራካሪ ቤት አይበላም!»

«አይቅመሱ። ይስሙ ብቻ።»

ሄዱ። በዳሱ ውስጥ ጠጅ ይቀዳል፤ ወንዱ ተራ በተራ እየተነሣ ይፎክራል። መቼም ታውቃላችሁ፣ በፉከራ ሐሰት መናገር ነውር ነው። የዋሸ ወንድ ዳግመኛ በሰው ፊት አይቆምም። ያየ ሰውም «እውነት ነው!» ብሎ ይመሰክርለታል።

አንዱ ተነሣና ነብር መግደሉን ፎከረ። «እውነት ነው!» አለ ዳሱ። ትጓደድ እልል አለችለት።

ሌላው ተነሣና የሞላ ወንዝ መሻገሩን ፎከረ። «እውነት ነው!» አለ ዳሱ። ትጓደድ እልል አለችለት።

ከዚያ ወደ ድፋባቸው ዞረች። «ለዚህ ግን እልልታዬን አላባክንም። ሳስበው ሳስበው ክሴ ሐሰት ሳይሆን አይቀርም። ዳማን የሚይዝ ክንድ ይህ አፈር አላበቀለም።»

ሰው ሳቀ። ድፋባቸው ጠጁን ጨለጠ።

«ዳማ ቆማ የቀረችው ልጓም ከብዷት ነው እንጂ ሰው ይዟትስ አይደለም።»

የሰው ሳቅ ባሰ። ድፋባቸው ከንፈሩን ነከሰ።

«እሱማ ጥጃም ከእናቷ አያስጥልም!»

ቀኛዝማች «ተቀመጥ!» ሲሉ ድፋባቸው ቀድሞ ተነሥቷል። ዱላውን ነቅንቆ ወደ መሐል ዘለለ።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
እኔ ድፋባቸው፣ እኔ ክንደ ብረቱ፣
ዳማን ያስቀረኋት ነጋሪት ሲመቱ፤
ቦራ ዋርካው ደርሶ ጭራው እስኪታይ፣
ባንድ እጅ የያዝኋት እኔ አይደለሁም ወይ!»

«እውነት ነው! በዓይናችን አይተናል!» ብለው ሦስት ሰዎች ብድግ አሉ። ነጋሪት መቺው፣ የመነሻው ጠባቂና ጎረቤቷ ነበሩ። ልማድ ክፉ ነው።

ትጓደድ እልል አላለችም። ወደ አባ ምናሴ ዞረች።

«ሰክሮ ነው!» አሉ ቀኛዝማች። «ጠጁ ነው የተናገረው!»

«ጠጁስ የማን ነው?» አሉ አባ ምናሴ። ከዚያም ቆመው ፈረዱ። «ያዡ አመነ፤ ሦስት ሰው መሰከረ። ተይዛ የቀረች ፈረስ አልተሸነፈችም። ዳማ የባለቤቷ ናት። መነሻን ያበላሸ ተሸናፊ ነው፤ ቦራም ለትጓደድ ይሰጥ። ከዛሬ ጀምሮ ልጓም የሚይዘው ከሦስተኛ አገር የመጣ ሰው ይሁን።»

ቀኛዝማች ድፋባቸውን በዚያው ሰዓት አባረሩት። ያ ግዙፍ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከደጅ ቆመ። ሲያዩት ያሳዝናል፤ ያዘዙት እሳቸው፣ የተዋረደው እሱ።

«እሜቴ፣ ጉድ ሠሩኝ» አላት።

«ወንድሜ፣ ክንድህ በእውነት ብረት ነው። የሰደብሁህ ልጄን ላተርፍ ነው፤ ይቅር በለኝ» አለችው። «አሁን ቦራን እየሳብህ ወደ ቤቴ ና። ማረፊያም ሥራም አይጠፋም። ዳማን ግን አንተ አትንካት፤ አፏ እስኪድን ትቀየምሃለች።»

ድፋባቸው ሳያስበው ሳቀ። ቦራን ይዞ ተከተላት። ዳማን የያዛት አልነበረም፤ ራሷ ከትጓደድ ኋላ ኋላ ትሄድ ነበር።

እናም ልጆች፣ አባቶች ምን አሉ? ፈረስ በልጓሙ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል።

እኔ ተረቴን ለቅቄላችኋለሁ፤ እናንተም መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ።