ዋርካ ላይ የተሰቀለው ቁልፍ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «አይሆንም» ማለት አሳፍሯችሁ፣ ስንት ጊዜ በገዛ እጃችሁ ቤታችሁን ለጅብ ከፍታችኋል? መልሱን ለራሳችሁ ያዙትና ስሙኝ።

እንስሳ ሁሉ ኮድ በሚጽፍበት ዘመን እመት ጃርት የምትባል ነበረች። የወንዙን ውኃ ለየማሳው የሚያከፋፍለውን ኮድ የጻፈችው እሷ ናት። ኮዱ ከተራራው ማዶ፣ ኤሊ በሚጠብቀው ጎተራ ይቀመጥ ነበር።

ኤሊ ሕግ ነበረው። «እኔ ፊት አላውቅም። እያንዳንዳችሁ መንትያ ቁልፍ ሥሩ። አንዱን ጎተራዬ በር ላይ ስቀሉት፤ ማንም ቢያየው ግድ የለም። ሌላው ግን ከእጃችሁ አይውጣ። እሱን ይዞ ለመጣ እከፍታለሁ፤ የሠራውንም ሁሉ በባለቁልፉ ስም እመዘግባለሁ።»

ጃርት ሠራች። አበልጇ ጦጣ ግን ሰነፈች።

«አበልጄ፣ ጎተራው እንድገባበት በእጅሽ ያለውን ቁልፍ አውሺኝ» አለች ጦጣ።

«የራስሽን ሥሪ፤ ትንሽ ቁጭ ማለት ብቻ ነው።»

ሁለተኛ መጣች። «ልጅሽን ክርስትና ያነሳሁት እኔ አይደለሁም? ለቁራጭ ብረት ትሰስችብኛለሽ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው፤ ግን...» አለች ጃርት፣ አንገቷን ደፍታ።

ሦስተኛ ጊዜ ሰንበቴ መሃል ተነሳች። «ጉድ ስሙ! ጃርት አበልጇን ሌባ አለች!»

ሁሉም ዞሮ ጃርትን አየ። ሽማግሌዎቹም «ኧረ ነውር ነው» አሉ።

«አትስጪኝ» አለ ቁልፉ ከመቀነቷ ውስጥ። «እኔ ከወጣሁ አንቺም ወጣሽ።»

«ዝም በል፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ሰጠችም።

ጦጣ ቁልፉን መያዝ ታከታት። እንዳይጠፋብኝ ብላ መንገድ ዳር ዋርካ ላይ ሰቀለችው። አያ ጅቦ ሲያልፍ አየው፤ አንስቶም ወደ ጎተራው ገሰገሰ። በሩ ላይ የተሰቀለው ቁልፍ «መንትያዬ ነው» አለ፤ ኤሊ ከፈተ። ጅብ ኮዱን አንድ ሳያስቀር አጠፋው። ድርቅ ለጅብ ሠርጉ ነው።

ማሳው ደረቀ። ጥጃ ሞተ፣ ግልገል ሞተ።

«ኮዱን ማን አጠፋው?» ብለው እንስሳቱ ጮኹ።

«ጃርት» አለ ኤሊ። «ቁልፉ የእሷ ነው።»

ጃርት «ለጦጣ ሰጥቻት ነበር» ብትልም የሰማት የለም፤ በድንጋይ አባረሯት።

ቆይቶ ጅብ ጠላ ሞቅ ሲያደርገው፣ ዋርካ ላይ ባገኘው ቁልፍ ኮዱን እንዳጠፋ ፎከረ፤ እውነቱ ወጣ። ጦጣ ድንጋይ ተሸክማ፣ ሽማግሌ አስከትላ ጃርት ጉድጓድ ደጃፍ ወደቀች።

«ማሪኝ አበልጄ!»

«ስለ እግዜር ብለሽ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

በይሉኝታ የወጣ ቁልፍ ለባለቤቱ አይመለስም፤ ቢመለስም የሚከፍተው ቤት የለም።

«ነውር ነው ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለቻቸው ጃርት። «ድንጋዩን አውርጂና ሂጂ። አንቺን አልምርም። እነሱን አልምርም። የሰጠችውን እጄንም አልምርም። ማንንም አልምርም።»